አራት ቃል በአደራ

ላሊበላ ውስጥ ሰው ገንዘቡን የሚያኖርበት ቦታ አያጣም። ከጎተራ ሥር የሚቀብር አለ፤ በግና ፍየል አድርጎ የሚያሰማራ አለ፤ ባንክ የሚያስገባ አለ፤ ለሚስቱ ሰጥቶ ሁለተኛ የማያየውም አለ። የኔ ግን የትም አልነበረም። ድሃ ነበርኩ ማለቴ አይደለም፤ ገንዘብማ ነበረኝ፣ ግን በእጅ የሚጨበጥ አልነበረም። ቢትኮይን ይሉታል። ኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚኖር ገንዘብ ነው። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል፤ ያን ጊዜማ ስልኬን ከኪሴ እያወጣሁ አየውና መንገድ ላይ ብቻዬን እሥቅ ነበር።

ያ የአራት ድርጅቶች ግንባር አገር ይመራ በነበረባቸው የመጨረሻ ዓመታት ነው። ሥራዬ አስጎብኚነት ነበር። ከአውሮፕላን የወረደውን እንግዳ ተቀብዬ፣ ከአለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት እያዞርኩ ሳሳይ፣ ጫማ ሳስወልቅና ጫማ ሳስጠብቅ እውላለሁ። ከእንግዶቼ አንዱ ጥያቄ የማያልቅበት ፈረንጅ ነበር። ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በበቅሎ ይዤው ስሄድ መንገዱን ሁሉ ሲጠይቀኝ ውሎ፣ ሲጠይቀኝ አመሸ። አገሩ ከተመለሰ በኋላ ለመንገደኞች መረጃ የሚሰጥ ድረ ገጽ ስላለው፣ ወደዚህ ሊመጡ ለሚያስቡ ሰዎች መልስ የምጽፍለት ሠራተኛ አደረገኝ። ክረምቱ መቼ ይወጣል፣ ምን ዓይነት ጫማ ይሻላል፣ ቁንጫ አለ ወይ፤ እንዲህ ያለውን ነው የምጽፈው። ደሞዜን በባንክ ሲልክ ለመላኪያ የሚቆረጠው ብዙ ሆነበትና በቢትኮይን ልላክልህ አለኝ። ሥራው እንዳያመልጠኝ እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ከቆየ በኋላ ነው።

የማጠራቅመው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር። የእናቴ ቤት አብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ካሉት ቤቶች አንዱ ስለነበር፣ አካባቢው እንዲጠበቅ ተብሎ ከጎረቤቶቿ ጋር ተነሣች። ከተማው ዳር አዲስ ሰፈር ቦታ ተሰጠን፤ ነገር ግን እስከ ፋሲካ መሠረት ያላወጣ ሰው ቦታውን ይመልሳል ተብሏል። እስከዚያ በሰው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ድምፀ ጎላ ናት፤ በገዛ ቤቷ ስትጣራ የታች ሰፈር ሰው ሁሉ አቤት ይላል። በሰው ግቢ ግን ድምጿን ቀንሳ ማውራት ጀመረች። ሲያመኝ የኖረው ይኸ ነው። የዚያን ቤት መሠረት ሳላወጣ ቦታው ቢቀርብን ዓይኗን ቀና ብዬ ማየት አልችልም ነበር።

መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው። እሱም እንደኔ ከውጭ ሰው በቢትኮይን ይከፈለው ነበር። ታዲያ አንድ ቀን «ሂሳብህ ሊዘጋ ስለሆነ አሥራ ሁለቱን ቃላት ጽፈህ ላክ» የሚል መልእክት በኢሜይል መጣለት። አሥራ ሁለቱ ቃላት ማለት ገንዘቡ ያለበት የስልክ ቦርሳ ሲከፈት የሚሰጥ መክፈቻ ነው፤ ዝም ብለው የተደረደሩ ተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። ስልክህ ቢጠፋ እንኳ፣ እነዚያን ቃላት በተራቸው ሌላ ስልክ ላይ ከጻፍካቸው ገንዘብህ ይመለስልሃል። ሌላ ሰው ከጻፋቸውም ገንዘብህ ለሌላው ሰው ነው። ልጁ መልእክቱን አምኖ ጻፈ። ሻዩን ጠጥቶ ሳይጨርስ ቦርሳው ባዶ ቀረ። ለማን አቤት ይባላል? ፖሊሱ ምን ዓይነት ገንዘብ እንደሆነ አልገባውም። ሌባው ደግሞ አገር የለው፣ መልክ የለው፣ ዱካ የለው። ሀከር ይሏቸዋል።

ከዚያ ወዲያ እረፍት አጣሁ። የኔን አሥራ ሁለት ቃላት የጻፍኩባት ወረቀት የመጽሐፍ ገጽ መሃል ነበረች። ከዚያ አውጥቼ ፍራሽ ሥር ከተትኳት፤ እናቴ ፍራሹን ፀሐይ ላይ ስታሰጣው ሮጬ አነሣኋት። ጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ብሸጉጣት አይጥ አለ፤ ስልኬ ላይ በፎቶ ባኖራት ሀከሩ መጣ። በመጨረሻ አጎቴ ትዝ አሉኝ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ወደ ኩልመስክ በሚወስደው መንገድ ባጃጅ የሚችለውን ያህል ከሄደ በኋላ በእግር ረጅም ዳገት የሚወጣበት አንድ የገጠር ደብር አለ፤ የዚያ ደብር ቄሰ ገበዝ ነበሩ። መስቀሉ፣ ጽናጽሉ፣ የብራና መጽሐፉ፣ ልብሰ ተክህኖው፣ ሁሉም በእሳቸው ኃላፊነት ዕቃ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ የተሻለ መደበቂያ ከየት ይመጣል ብዬ ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ።

«አባ፣ ይህቺን ወረቀት ዕቃ ቤት ያስቀምጡልኝ» አልኳቸው።

«ምን አለባት?»

እየተንተባተብኩ አስረዳኋቸው። ይሥቁብኛል ብዬ ነበር፤ አልሣቁም። የማይዳሰስ ገንዘብ መኖሩ እምብዛም አልደነቃቸውም። የደነቃቸው ሌባው ነው።

«የት ነው ያለው ሌባው?»

«የትም ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባም፣ ባሕር ማዶም።»

«ሳይመጣ ይወስደዋል?»

«ሳይመጣ፣ አባ።»

አጎቴ አማተቡ። ተነሥተውም «ና» አሉኝ። ዕቃ ቤቱ በር ላይ አቆሙኝ። ሦስት ጋን ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

«ይኸ የኔ ነው» አሉ አንዱን እየነኩ። «ይኸ የአለቃው ነው። ይኸኛው ደግሞ ምእመናኑ የመረጧቸው ሽማግሌ ናቸው የሚይዙት። የግል ዕቃ እዚህ አይገባም ልጀ። ቢገባም እኔ ብቻየን አልከፍትልህም። ገበዝ ሆኘ ስኖር አንድ ቀን ብቻየን ገብቸ አላውቅም።»

«እርስዎንም አያምኑዎትም ማለት ነው?»

«እንዲያ አይደለም። አንድ ነገር ቢጎድል ሰው ዓይኑን ወደኔ እንዳያዞር ነው። ሁለቱ ቁልፎች የሚጠብቁት ዕቃውን ብቻ መሰለህ? እኔንም ነው የሚጠብቁኝ።»

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ በር አጠገብ ሳልፍ ነው ያደግኩት። ሦስት ቁልፍ እንዳለው እንኳ አስተውዬ አላውቅም ነበር። ሰው ንጹሕ ሆኖ እንዲኖር ከፈተና የሚያርቀው በር እንደተሠራለት የገባኝ ያኔ ነው። ወረቀቴን መልሼ ኪሴ ከተትኳት።

መላውን ያመጡት ራሳቸው አጎቴ ናቸው። ቃላቱ አሥራ ሁለት ከሆኑ ለሦስት እንካፈላቸው፤ አራቱን አንተ፣ አራቱን እናትህ፣ አራቱን እኔ እንያዝ፤ ወረቀቱ ይቃጠል፤ ከሦስታችን አንዱ ከጎደለ አይከፈት፤ አሉ። «ወረቀት ይሰረቃል፣ ይነዳል፣ ይበሰብሳል። በቃል የተያዘ ግን ከባለቤቱ ጋር ነው የሚሄደው» አሉኝ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። እሳቸውም ከግዕዝና ከአማርኛ በቀር የሌላ አገር ቋንቋ አያውቁም። ይህን ብነግራቸው ገረማቸው።

«ታዲያ ምን ችግር አለው? ዳዊት ስይዝ ትርጉሙን ያወቅሁት ከደገምኩት በኋላ ነው።»

ግቢው ውስጥ ካለው ወይራ ሥር ተቀመጥን። አንዱን ቃል እላለሁ፣ ይቀበሉኛል። ሁለተኛውን እጨምራለሁ፣ ሁለቱን አያይዘው ይሉታል። በመቋሚያቸው መሬቱን እየነኩ፣ ራሳቸውን እያወዛወዙ፣ አራቱን የእንግሊዝኛ ቃላት ዜማ አወጡላቸው። ከአራቱ አንዱ የእንስሳ ስም ነበር፤ አንዱ የዕቃ ስም ነው። ትርጉማቸውን ልንገርዎ ብላቸው «ተወው፣ ለኔ አይጠቅመኝም» አሉ። ተራ ቃላት ናቸው፤ እሳቸው አፍ ውስጥ ሲገቡ ግን ቆመው የሚሰሙ ነገር ሆኑ። እናቴም የራሷን አራት በተከራየናት ክፍል ቁጭ ብላ ምስር እየለቀመች ያዘቻቸው። «ይኸኛው ደግሞ ምላስ ያደናቅፋል» እያለች አንዱን ብቻ ትረግመው ነበር። እኔ የራሴን አራት ካጠናሁ በኋላ ወረቀቷን እሳት ውስጥ ጣልኳት። የቀሩትን ስምንት ለመርሳት ብዙ አልደከምኩም፤ ስም የማይያዝልኝ አስጎብኚ በመሆኔ ባልደረቦቼ ሲያሾፉብኝ ነው የኖሩት።

ጥቂት ወራት እንቅልፌን ተኛሁ።

ከዚያ አጎቴ ሊመንኩሱ ነው የሚል ወሬ መጣ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ልጆቻቸው ተድረዋል፤ ወደ አንድ ሩቅ የቆላ ገዳም ሊሄዱ ነው። የሽኝቱ ዕለት እኔ እንግዳ ይዤ ስለነበር እናቴ ብቻዋን ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ በርቷል። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ባለበት አጎቴ ዕቃ ቤቱን እንዴት እንዳስረከቡ፣ እያንዳንዱ ንዋየ ቅድሳት እየወጣ ለሰው እየታየ እንዴት እንደተመለሰ፣ ቁልፉን ለአዲሱ ገበዝ ሲሰጡ ሴቱ እንዴት እንዳለቀሰ ነገረችኝ።

«ያንተንም አስረከበልህ» አለችኝ።

«የኔን ምን?»

«አራቱን ቃል ነዋ። 'ሌላ አንድ አደራ አለብኝ፣ ይዠው አልሄድም' አለና፣ የምእመናኑን ሽማግሌ፣ አያን፣ አስጠርቶ በሕዝብ ፊት አስረከባቸው። አያም እስኪይዙት ድረስ ደጋገመላቸው።»

«በሕዝብ ፊት? ጮክ ብለው?»

«ታዲያ አደራ በሹክሹክታ ይተላለፋል እንዴ?»

ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ዓለም ሁሉ ለማንም አትንገሩ የሚለውን ምሥጢር አጎቴ በአደባባይ አዜሙት! ቁልፍ ሲያስረክቡ ምስክር ማቆም የለመዱ ሰው ናቸው፤ ሌላ መንገድ መኖሩንም የሚያስቡ አይመስለኝም። እናቴን ታዲያ አንቺም ሰማሽው ወይ አልኳት።

«እኔማ ጆሮየን ያዝኩ» አለች። «የኔ ድርሻ አይደለማ።»

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ጆሮዋን የያዘችው ባለ ጉዳይዋ ብቻ ነበረች። ማሰብ ስጀምር ጥቂት ተረጋጋሁ፤ በአራት ቃል ብቻ ማንም ቦርሳዬን አይከፍትም። ቢሆንም አዲስ ቦርሳ ከፍቼ ገንዘቡን ወደዚያ ላዛውር ብዬ ቆረጥኩ። ግን ያኔ አገሩ ታውኮ የሞባይል ኢንተርኔት የተቋረጠበት ወቅት ነበር። በገመድ የሚሠራ ኢንተርኔት ያላቸው ሆቴሎች ቢኖሩም፣ ያን ሁሉ ገንዘብ በሰው መስመር ማዛወር ፈራሁ። ዛሬ ይለቀቃል፣ ነገ ይለቀቃል ስል ገና ደረሰ።

ገናን ላሊበላ ያላየ ሰው ሕዝብ አይቷል ለማለት ይከብደኛል። ከየአገሩ በእግሩ የመጣው ነጭ የለበሰ ምእመን ከአለቱ አፋፍ እስከ ታች ይሞላዋል፤ እግርህን ብታነሣ የምትመልስበት መሬት አታገኝም። በዚያ ግፊያ ውስጥ እንግዶቼን ሳሻግር ኪሴን ብዳብስ ስልኬ የለም። የስልኩ መክፈቻ ቁጥር ጣት ያለው ሰው ሁሉ የሚገምተው ዓይነት ነበር። ሌባው ስልኩን ብቻ ፈልጎ ከሆነ እሰየው፤ ውስጡን የሚያውቅ ሰው እጅ ከገባ ግን የእናቴ ቤት አለቀለት። ከሱቅ አንድ አሮጌ ስልክ ገዛሁ። አራቱ ቃል እኔ ጋ አሉ፤ አራቱ እናቴ ጋ አሉ። አራቱ ግን ዳገቱ ላይ ናቸው፤ አጎቴ ደግሞ ስልክም ሰውም የማይደርስበት ገዳም ገብተዋል።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ከባጃጅ ወርጄ ዳገቱን ስያያዘው ጀሪካን ያዘለች ሴት አገኘሁ፤ ያገሬ ሰው ናት፣ የሽኝቱ ዕለት ነበረች። ሽማግሌው ድረስ መሄድ ለምን ያስፈልጋል፣ ሕዝብ ሁሉ ሰምቶት የለ ብዬ እሷን ጠየቅኳት።

«ሰምቸዋለሁ እንጅ» አለች። «እስካሁን አፌ ላይ ነው።»

«በይ እባክሽ ንገሪኝ። ስልኬ ተሰርቆ ነው።»

«ውይ፣ አብሽር። ግን እኔ መች ተረከብኩት? የተረከቡት አያ ናቸው።» ጀሪካኗን አስተካክላ ጥላኝ ሄደች።

ከፍ ብሎ አውድማ ላይ ጤፍ የሚወቁ ሰዎች ነበሩ። እነሱንም ጠየቅኩ። አንዱ ጎልማሳ ጢሙን እያሻሸ ዜማውን ብቻ፣ ያለ ቃል፣ አንጎራጎረልኝ። ትክክል ነው፤ የአጎቴ ዜማ ነው። ወደ ቃሉ ሊገባ ሲል ጓደኛው በመንሹ እጀታ ጎኑን ነካ አደረገውና ዝም አለ። ተሣሣቁ። አንድ ዲያቆንም ጠየቅኩ፤ እሱም ወደ አያ ቤት በእጁ አመለከተኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። የገዛ ገንዘቤን ቁልፍ አገር ሁሉ በአፉ ይዞ ይዞረዋል፤ ለኔ ለባለቤቱ ግን የሚነግረኝ ጠፋ። እየወጣሁ ስሄድ ንዴቴ ለቀቀኝና ሌላ ነገር ያዘኝ። ሀከርን ለመከላከል የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ሁሉም ደብቅ፣ ሰውር፣ አትመን ነው የሚለው። አንድ ደብር ሙሉ ሰው የሚያውቀው፣ ግን ማንም የማያወጣው ምሥጢር ይኖራል ብሎ የጻፈ አላገኘሁም። ፊት ለፊቴ ያለውን ዳገት እንደገና ተያያዝኩት።

አያ አጥር ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ገበሬ ናቸው፤ ቁመታቸው ዘለግ ያለ፣ ንግግራቸው ቁጥብ። ጉልበታቸውን ስሜ ጉዳዬን ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እናትህስ?»

«ከተማ ናት።»

«እንግዲያውስ እዚህ አልነግርህም።»

«አያ፣ ሌባው ሊቀድመኝ ነው፤ እባክዎን።»

«ቄሰ ገበዙ ሲያስረክቡኝ ሦስቱ ሳይገኙ እንዳይነገር ብለውኛል። አንተ እዚህ፣ እናትህ እዚያ፤ እንዲያማ አይከፈትም። ሦስታችንም አንድ በር ላይ መቆም አለብን።» አጥሩን ትተው ወደ ቤት ገቡና ጋቢያቸውን አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው ወጡ። «በል ቅደም።»

ቁልቁለቱን እኔ እየተንሸራተትኩ፣ እሳቸው በዱላቸው እየተመረኮዙ ወረድን። ባጃጅ ላይ ስንቀመጥ መጀመሪያቸው ነበር መሰለኝ፤ ብረቱን ጨብጠው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚጸልዩ መስሎኝ ዝም አልኩ። እናቴን ከቤት ይዘን፣ የገመድ ኢንተርኔት ወዳለበት ሆቴል ገባን። የሆቴሉ ሰዎች አያን ከነዱላቸው ትልቁ ሶፋ ላይ ሲያዩአቸው የሚታዘዝ አለ ወይ ማለት ረሱ። እናቴ አጠገባቸው ተቀመጠች። እኔ መሬት ላይ፣ እግራቸው ሥር፣ አዲሱን አሮጌ ስልክ ይዤ ተንበረከክኩ።

የኔን አራት ጻፍኩ። ስቸኩል አንዱን ሁለቴ አጠፋሁት። ቀጥሎ እናቴ ወደ ጆሮዬ ዝቅ ብላ የሷን አለች፤ አያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ያ ምላስ የሚያደናቅፈውን ቃል ስትደርስበት ቆም አለችና ጥርት አድርጋ አወጣችው። ከዚያ እናቴ ጆሮዋን ያዘች፤ አያ ጎንበስ አሉ። በላስታ ገበሬ ድምፅ፣ በአጎቴ ዜማ፣ አራቱ ቃል አንድም ሳይጎድል ጆሮዬ ውስጥ ገባ። እንግሊዝኛ አንድ ፊደል ሳያውቁ፣ ትርጉሙን ሳይጠይቁ፣ ከመነኮሰ ሰው ተቀብለው ያቆዩልኝ ቃል ነው። አለቀስኩ። ማልቀሴን ስልኩ ላይ ሲንጠባጠብ ነው ያወቅኩት።

ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ። ስልኩ ላይ ያለችው ክብ እየዞረች ቆየች። እናቴ መልአኳን እየተማጸነች ነበር። ከዚያ ቦርሳው ተከፈተ፤ ያጠራቀምኩት ሁሉ እንዳለ ነው።

«ሙሉ ነው?» አሉ አያ።

«ሙሉ ነው፣ አያ።»

«ሳይጎድል ተረከብኩ በል፤ እናትህ ምስክር ናት።»

አልኩ። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ አዲስ ቦርሳ ከፍቼ ሁሉንም ወደሱ አዛወርኩ፤ ለአዲሶቹ ቃላትም አዲስ አደራ ተቀባዮች አገኘሁላቸው፤ እነማን እንደሆኑ አልናገርም። አያን ምሳ ይብሉ ብላቸው እምቢ ብለው፣ ሳይመሽብኝ ብለው ዳገታቸውን ተያያዙት። ከገንዘቡ ወደ ብር አስለውጬ መሠረቱን ከፋሲካ በፊት አወጣን። ግድግዳው ሲቆም እናቴ ጣሪያ ያልለበሰው ቤት ውስጥ ገብታ፣ በድሮው ድምጿ፣ ግንበኞቹን ምሳ ደረሰ ብላ ጠራቻቸው። እስከ ላይ ሰፈር ድረስ ተሰማ።

ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ አያ ታመው ይፈልጉሃል የሚል ሰው መጣብኝ። ስደርስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። መደባቸው ላይ ጋደም ብለዋል፤ ከስተዋል። እንደ ገባሁ ከጎረቤት ሁለት ሰው ምስክር ይሁኑ ብለው አስጠሩ።

«ና፣ ቃሉን ተረከበኝ» አሉ።

ሰው እየተሰናበተ መዋሸት አልቻልኩም። «አያ፣ እነዚያ ቃላት አሁን ምንም አይከፍቱም። ያን ዕለት ገንዘቡን ወደ ሌላ አዛውሬዋለሁ፤ ባዶ ናቸው።»

«አውቃለሁ» አሉኝ። «አጠገብህ ተቀምጨ አልነበር? ገንዘቡን ተረከብኩ አልክ። ቃሉን ግን አልተረከብከኝም። ይክፈት አይክፈት የኔ ነገር አይደለም። አደራው ሳይነሣልኝ እንዴት አድርጌ ልሂድ?»

ምስክሮቹ ተነሥተው ቆሙ። አያ አራቱን ቃል አሉ፤ ተቀበልኳቸው። ዜማውን ስቼ ስለነበር እንደገና አስባሉኝ። በሦስተኛው «ደኅና» አሉና፣ ምስክሮቹን አይተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ባለቤታቸው በሩ ድረስ ሸኙኝ። በቀስታ «እሰይ፣ ወሰድክለት» አሉኝ። «ማታ ማታ አባታችን ሆይን ይደግምና የልጆቹን ስም ይጠራል፤ ከትንሿ ልጃችን ቀጥሎ ያን ያንተን አራቱን ይላል። እንዳይጠፋብኝ እያለ።»

አያ ያረፉት በዚያው ሳምንት ነው። ቃላቱ ዛሬም አሉኝ። ምንም አይከፍቱም፤ ለማንም ግን ነግሬያቸው አላውቅም፣ እዚህም አልጻፍኳቸውም። ማታ ከጸሎቴ በኋላ፣ በዜማቸው፣ እላቸዋለሁ።